ያልጨረስካት የመጨረሻ ገጽ

ለልጄ ለምናሴ፣

ሆዴ፣ ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የስደት መጠለያችን ቱነይድባ እንደምታውቃት ናት፤ ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይቀማል፣ መኪናም አያሳልፍም። ያን ጊዜም ወባው ሲጠናብህ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል የጫነህ መኪና መንገድ ላይ ሰጥሞ ቀረ። ራስህን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሰዎቹ ሲገፉ አይ ነበር። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

ትምህርት ቤትህ አልፈረሰም። ከቤታችን ጎን በማሽላ አገዳ የከደንካት ዳስ፣ ራኩባዋ፣ ወድቃለች። አሁን የጡብ ክፍል አለው፤ በሩ ላይም "የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ" ተብሎ በአማርኛና በዓረብኛ ተጽፏል። ስትጀምሩ ሰባት ተማሪዎች በጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታችን ዘነቡ "ልጅሽ በአገዳ ቤት ጳጳስ ሊያበቅል ነው ወይ?" ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የተዋሕዶ ልጅ ሆነህ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድህ አንገብግቦኝ ነበርና። ሻይ ግን አፍልቼ አቀርብላችሁ ነበር። ተማሪዎችህም "የእማማን ሻይ ካበዛን ወደ ተዋሕዶ መመለሳችን ነው" ይሉ ነበር።

መጽሐፍ ስላልነበረ ትምህርቱን አንተው ጻፍከው። ካህን የሚሆን ሁሉ መጀመሪያ ያንን ደብተር በገዛ እጁ ይገልብጥ አልክ። ሰባቱም ገለበጡ። የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ደብተራቸውን ይዘው ተበተኑ፤ አንዱ ወድ ኤል ሒለው ከተማ አለ ይባላል፣ የሌሎቹን አላውቅም። የቀረው ያንተው ብቻ ነው፤ እሱንም ምስጥ ጀምሮታል። አንተን የተካው መምህር ተክሌ በስልክ ፎቶ ላንሳው ቢለኝ፣ በእጅ ካልሆነ ስትል የነበረው ትዝ አለኝና እኔው እገለብጠዋለሁ አልኩት። ዝናቡ ሲያባራ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፤ እስከዚያ መድረስ ነበረበት።

አራተኛ ክፍል ያቆመች እጅ ቀርፋፋ ናት። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ። የማይገባኝን ቃል እንደ ጥለት እያየሁ እስለዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ ተቀምጬ ድምፅህን እሰማ ነበር፤ የምትለውን ግን አኩርፌ አላዳመጥኩም።

ባለፈው ሰኞ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ርእሱ "ያዘነን ስለ ማጽናናት" ይላል። ከሥሩ "ለቅሶ ቤት ስትገቡ አስቀድማችሁ" ብለህ ቆመሃል። በማግስቱ ነው ታመህ የተኛኸው።

ተክሌ "እማማ፣ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል? ይሙሉልን" አለኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ዋልኩ። ባንተ ለቅሶ ስንቱ ሰው "እግዜር ያጥናሽ" አለኝ፤ የአንዱንም ድምፅ አላስታውስም። የማስታውሰው ተማሪህን ለተብርሃንን ነው፤ ምንም ሳትል ደጅ ተቀምጣ ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች። እሱን ልጻፍ? አንተ ልትል የነበረው እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። የምጠይቀው አንተን ነበር።

ተውኩት። አራት መስመር ባዶ ትቼ ግልባጩን ለተክሌ ሰጠሁት፤ የሚገለብጡትም ሁሉ ቦታውን ባዶ እንዲተዉት አደራ አልኩ። ያንተን ደብተር ምስጥ እንዳይጨርሰው በላስቲክ ጠቅልዬ ከጣራው አንጠልጥዬዋለሁ። እስካለሁ ድረስ እያወረድኩ እከፍተዋለሁ። "አስቀድማችሁ" ካልክበት ቀጥሎ ያለውን ቦታ በጣቴ እየዳሰስኩ አስብሃለሁ።

እናትህ