ክኒኑን ለሁለት የተካፈሉት ወይዘሮ ውብዳር ያለው

ወይዘሮ ውብዳር ያለው ከአባታቸው ከአቶ ያለው አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናዬ ፈንታ በፈረንጆች 1966 በጎንደር ወገራ ተወለዱ። ታናሽ እኅታቸውን ማሪቱን አዝለው ሲያሳድጉ ትምህርታቸው ከሦስተኛ ክፍል ቀረ። ይህን የምትጽፈው ያቺ ማሪቱ ናት።

በ1987 ከአቶ መንበሩ ጋር ተጋብተው ኢናቭንና ያሪቭን ወለዱ። በ1991 ወደ እስራኤል ገብተው ቂርያት ማላኪ ተቀመጡ። በቤኤር ቱቪያ ማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ አንድ ቀን አላረፈዱም፤ ያረፈደችውንም አይምሯትም ነበር።

በ2019 ገዴራ የምትኖረውን ማሪቱን የደም ካንሰር ያዛት። ወይዘሮ ውብዳር በየሳምንቱ በአውቶቡስ እየተመላለሱ አስታመሟት። በቀን አንድ ክኒን በሦስት ወር ደሟን አጠራው። ቤተሰቡም ካንሰር ማለት ይኸው ነው ብሎ ናቀው።

በ2023 ወይዘሮ ውብዳር ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። ሐኪሟ ገና ትንሽ ነው፣ ተቆርጦ ይውጣ፣ ተስፋው ብዙ ነው አለቻቸው። እሳቸው ቢላ ፈሩ፤ በሽታ በእኛ ዘንድ ይደበቃልና ለማሪቱ ብቻ ነገሯት። ማሪቱም፦ «እታለም፣ ለቢላ ምን አስቸኮለሽ? የእኔን ያጠፋ የአንቺንም ያጠፋል፤ ቤሰደር፣ እሺ?» ብላ ከክኒኗ እኩሌታውን ሰጠቻቸው። ስምንት ወር ተካፍለው ዋጡ።

እብጠቱ ወደ ጉበታቸው ሲሻገር ኢናቭ ከያቭኔ መጥታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ማሪቱ የክኒኑን ነገር ስትነግራት ሐኪሟ ለብቻዋ አስረዳቻት። የማሪቱ ካንሰር በደም ውስጥ የተበተነ ስለሆነ መድኃኒቱ ደም በሄደበት ሁሉ ያገኘዋል፤ የቆመውም በህዋሱ ውስጥ ባለ አንድ ስሕተት ላይ ነውና ክኒኑ እሱኑ ይዘጋዋል። የጡቱ ግን ተጨናንቆ የተከመረ ነው፤ መድኃኒት መሐሉ በቅጡ አይደርስም፤ ህዋሳቱም ብዙ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ያ ክኒን ደግሞ ለእሱ አልተሠራም። ማሪቱ ዕብራይስጥ ይከብዳት ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንድም ቃል አላመለጣት።

ማሪቱ ሙሉ ክኒኗን መዋጥ ስትጀምር በግማሹ ምክንያት ዳግም የተበላሸው ደሟ በወራት ተስተካከለ። ወይዘሮ ውብዳር በጽኑ ሕመም ቆይተው ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ዓረፉ።

ክኒኑን መካፈላቸውን ለልጆቻቸው እንዳትነግር ማሪቱን አስምለዋት ነበር። መሐላዋን ያፈረሰችው ትናንት መርዶው እንደተሰማ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ሴት፣ ጡቷን በእጇ ሸፍና፣ ያንን ክኒን ስለለመነቻት ነው።

ወይዘሮ ውብዳር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ኢናቭና ያሪቭ ይህን ገና አሁን፣ ከእናንተ ጋር ቆመው እየሰሙ ነው። የአብርሃም አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ማሪቱ ደህና ናት።