የበቅሎዋ ጭራ

ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፤ መካነ ሰላም

ዛሬ ከጎረቤቴ ከሐጂ ሰይድ ጋር፣ በወጣትነታችን እየተሽቀዳደምን የወጣነውን የገደል መንገድ ዳግመኛ ልንወጣ ሄደን ነበር። እንደ አገራችን ልማድ፣ አቀበቱ ሲበረታብኝ የበቅሏቸውን ጭራ ይዤ ተከተልሁ፤ እርሳቸው ከኋላዬ ነበሩ።

«ኧረ ነውር ነው! ሊቅ ሰው በበቅሎ ጭራ ይንጠለጠላል?» ብለው ቀለዱብኝ። ሳቄ መጣ። መልስ ልሰጣቸው ዘወር ስል ጭራውን ለቀቅሁ።

በዚያው ቅጽበት የመንገዱ ጠርዝ ከበቅሎዋ እግር ሥር ተናደ። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። አቧራው ሲገለጥ በቅሎዋ በነበረችበት የቀረው ሰማዩ ብቻ ነበር። መዳፌ ላይ ጥቂት የጭራ ጸጉር ተጣብቋል።

ሐጂ ወደ ገደሉ አላዩም። «አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ ተረፉ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። ያችን በቅሎ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ዐለቱን ተጠግተው ቀደሙኝና የፎጣቸውን ጫፍ ወደ ኋላ ወረወሩልኝ።

«ያዙ እንጂ! ከእንግዲህ በቅሎዋ እኔ ነኝ።»

ያዝሁ። እንዲያ እየተሳሳብን እስከ አፋፉ ድረስ ወጣን። ከደረስን በኋላ «በቃ፣ ይልቀቁኝ» ቢሉኝም፣ ጣቶቼ እሺ አላሉኝም።