መፍቻው ያመነው ፋይል

ጥር 6
ያው ሥራ። ሰው የጠረጠረውን ፋይል ፈትቶ ውስጡን ማየት። የምንፈታበትን ፕሮግራም «መፍቻ» እንለዋለን። ዛሬ አንዱን ስከፍትበት ድርግም ብሎ ጠፋ። ደገምኩት... ደግሞ ጠፋ። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይሆን?

ጥር 8
ኮምፒውተሩ አይደለም። ፋይሉ ስለ ርዝመቱ ይዋሻል፤ መፍቻው ሳያጣራ ያምነዋል። ትርፉ ከተመደበለት ቦታ አልፎ ይፈስና ፋይሉን የላከው ሰው ትእዛዝ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። በመፍቻ መክፈት ብቻ ይበቃል! ሌባ የምንይዝበት ነገር ራሱ በር ከፋች...

ጥር 9
ለአለቃዬ ነገርኩት። «ጎበዝ!» ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፍን። ማስተካከያው ሦስት ወር ይፈጃል አሉ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳልል አለቃዬ አስፈረመኝ።
«እኛስ?»
«መጠቀም እናቆማለን።»
«ሌላው መሥሪያ ቤትስ?»
«የራሱ ጉዳይ።»

ጥር 15
ከታናሽ እህቴ ጋር ምሳ በላን። እሷም ሆስፒታል ውስጥ ይህንኑ ሥራ ነው የምትሠራው፤ በዚያው መፍቻ። ስለ መጋረጃ አወራን። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።
«ምነው?»
«ጥርሴን አሞኝ።»
ጥርሴን!

ጥር 16
እውነትም ጥርሴን አመመኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ጥር 21
ከሥራ ደወለች። «እትዬ፣ ‹የደመወዝ ጭማሪ› የሚል ፋይል ለነርሶቹ ሁሉ ተልኳል። ልፈታው ነው።»
«በምን?»
«በመፍቻ ነዋ! በጥርሴ ልፍታው?»
አለቃዬ ከመስታወቱ ማዶ ያየኛል። የፈረምኩት ወረቀት... የቤት ኪራይ... በሽተኞቹ...
«እንዳትከፍቺው።»
«ለምን?»
«ለምን አትበይኝ! መፍቻው ራሱ ነው ችግሩ።»
«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»
ዐሥራ ሦስት ቀን። «ካወቅሁ ቆየሁ» አልኳት። ዘጋችው።

ጥር 22
እሷ አልከፈተችም። አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ግን ትናንት ጠዋት፣ እሷ ከመደወሏ በፊት፣ ከፍቶት ኖሯል። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ተቆልፈዋል። የዛሬ ቀዶ ሕክምና በሙሉ ተሰርዟል። አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ፦ «ምሳ የበላን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»


ጥር 24
«ሆስፒታሉ ስለ መፍቻው ያውቃል። ወሬው ከማን ወጣ?» አለ አለቃዬ፣ ሁላችንንም ሰብስቦ። 
«ከእኔ» አልኩ።
የሥራ መታወቂያዬን ተቀብሎ አሰናበተኝ። ደረጃውን ስወርድ ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ።

ጥር 25
እህቴ አሁንም ስልኬን አታነሳም። ረፋዱ ላይ ግን በመፍቻ የሚሠሩ የሌሎች ሆስፒታሎችን ስልክ ቁጥር ላከችልኝ። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። ዐሥራ አንድ ቁጥር።
ለስድስቱ ደውዬ አስጠንቅቄያለሁ። አንዱ ሰደበኝ። ሰባተኛው እየጠራ ነው...