ልቅሷችን ሲኒማ ገባ

ጥቅምት 6

መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ ከጓደኛዬ ከማንጠግቦሽ ጋር የሰይፈ ሥላሴ ሲኒማ አዳራሽ ገባን። አዲስ የመጣ የፍቅር ፊልም። ምንድነው ግን? ልጅቷ ደሃ ናት ይሉናል፣ ጥፍሯ ግን ዛሬ የተቀባ ነው። ባዘነች ቁጥር ያው ፒያኖ… ማንጠግቦሽ አለቀሰች። "ከፊልሙ ይልቅ ወንበሩ አመመኝ" ብላት ተቀየመችኝ።

ሲኒማ እኮ እወዳለሁ። ስለምወድ ነው የምበሳጨው።

ጥቅምት 9

የፖሊሱ ፊልም ይሻላል። ድብድቡ ደህና ነው። መጨረሻው ግን? ሰውየው ደረቱን በጥይት ተመትቶ ቆሞ ንግግር ያደርጋል!

ስንወጣ በሩ ላይ አዲስ ፖስተር። የእኛ ተራራ! ጭላዳው፣ ገደሉ፣ ጉሙ። ባለፈው ታኅሣሥ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ሰፍረው የነበሩት ፊልም ሠሪዎች ናቸው። አባዬ የፓርኩ ስካውት፣ ጠባቂ፣ ስለነበር እየመራ ያዞራቸው እሱ ነበር። ከዚያ ሳንባው ታመመ… እነሱ ገና ሳይሄዱ ሞተ። ዓመቱ እንኳ አልሞላም። እማ ጥቁሯን አላወለቀችም።

ልየው? ምናልባት ከሩቅም ቢሆን አባዬ ይታይ ይሆናል።

ጥቅምት 12

ከየት ልጀምር?

አባዬን አየሁት። መጀመሪያው ላይ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከበቅሎዎቹ ፊት ይሄዳል። ዞር አለ። ሳቀ! ማንጠግቦሽ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ከዚያ የፊልሙ ጀግና፣ ያ የአዲስ አበባ አስጎብኚ፣ ገደል ገብቶ ሞተ። ሬሳውን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ… ደረስጌ ማርያም! ተሸካሚዎቹ አጎቶቼ ናቸው። ከኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትሄደው… እኔ ነኝ። እኔ!

የአባዬ ቀብር ነው። እውነተኛው ቀብር።

ቀጥሎ የእማ ፊት፣ ግድግዳውን የሞላ። ያንን ሙሾ ታወርዳለች፦

ጉሙ ሲጋርደን፣ ገደሉ ሲከፋ፣
መንገድ የሚያሳየን፣ ዛሬስ እሱ ጠፋ።

"አለምነህ!" ብላ አባዬን የተጣራችበት ቦታ ላይ ሙዚቃ ጫኑበት። አፏ ይከፈታል፣ ስሙ አይሰማም።

አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ። ከኋላዬ አንዱ "አቤት ትወና!" አለ።

ትወና?

ያን ቀን ካሜራቸውን ይዘው ሲመጡ ሊያስተዛዝኑን መስሎን ቦታ ለቀቅንላቸው እኮ…

ጥቅምት 13

ለዳባት ተሳፋሪ የአዲርቃይ ትኬት ቆረጥኩላት። ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ነገር ለማንም አልናገርም። ከዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ልብ የሚነካው ያ ቦታ ብቻ ነው። የሌላ ሰው እናት ብትሆን ኖሮ "ግሩም ነው" እል ነበር። እል ነበር! ራሴን ፈራሁት።

ጥቅምት 15

ለእማ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ቀደሙኝ። ገበያ ላይ አንዲት ሴት "ወለተ ሥላሴ፣ ሲኒማው ላይ እንዴት አስለቀስሽን!" አለቻት። እማ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ቤታችን በር ላይ ቆመች።

"ምን አድርጌ ነው ያስለቀስኳቸው?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ አባዬ ከበቅሎዎቹ ፊት ሲሄድ እንደሚታይም።

"የአባትሽን ስምስ ጠሩት?"

"አልጠሩትም እማ። ልቅሶሽን ለሌላ ሰው ነው ያደረጉት።"

"ሌላ ሰው ሞቶባቸው ነው?"

"የሞተ የለም። ልብ ወለድ ነው፣ የፈጠሩት።"

"ላልሞተ ሰው አለቀስኩ በይኛ!"

ቁጭ አለች፤ ዘንቢሉ እጇ ላይ እንዳለ። ቀስ ብላ፦ "አባትሽ ይሄዳል አልሽኝ? በእግሩ?"

"ይሄዳል።"

"ውሰጂኝ።"

ጥቅምት 18

እማ ሲኒማ ገባች! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። አባዬ ብቅ ሲል ከወንበሯ ተነሣች። ከኋላ "ተቀመጡ" አሉ… አልሰማችም። ቀብሩ ሲመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የራሷን ድምፅ በነጠላው ውስጥ ሆና ሰማች።

ወደ ደጅ ስንወጣ የአዳራሹ ባለቤት ሰይፈ ሥላሴ ተከተለን። "በማርያም፣ አላወቅሁም" አለ። ፖስተሩን እዚያው አወረደው። አዳራሹ እንደዚህ ሞልቶለት አያውቅም ነበር።

ጥቅምት 20

ከወረደው ፖስተር ላይ ስልኩን ወስጄ አዘጋጁን ደወልኩለት። ሕሩይ ይባላል።

"ሽማግሌዎቹን አስፈቅደናል" አለ።

"የትኞቹን?"

"…ማለቴ፣ ዝም ብለው አሳለፉን።"

ዝም ማለት ፈቃድ ነው እንዴ? ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እህቴ፣ ለእናትሽ እኮ ክብር ነው። አገር እያለቀሰላቸው ነው።" ስልኩን ዘጋሁበት።

ጥቅምት 28

ሕሩይ ራሱ ደባርቅ መጣ። ለካ ለሚቀጥለው ሥራው ሳንቃ በር ሊገባ ሲል የአባዬ ባልደረቦች "መጀመሪያ ወለተ ሥላሴን አናግር" ብለውት መንገድ የሚመራው አጥቷል። ቤታችን ገብቶ የመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ያህል ልጅ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።"

"ይቅር ይበልህ። የመንገዱ ነገር ይቆይ። ልቅሶዬን ግን ከፊልምህ አውጣ።"

"የፊልሙ ልብ እኮ እሱ ነው!"

"የኔም ልብ እሱ ነው፣ ልጄ። ተዋናይ አለህ አይደለም? እነሱን አስለቅሳቸው።"

አንገቱን ደፍቶ "እሺ" አለ። አመንኩት? አላመንኩትም።

ኅዳር 13

ተሳስቻለሁ። አወጣው!

ከነገ ወዲያ ጾም ስለሚገባ አዲሱን ቅጂ ዛሬ አየነው፤ እማ፣ ማንጠግቦሽና እኔ። ቀብሩ የለም። በቦታው ተዋናይዋ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ታለቅሳለች። ሰው ስልኩን አወጣ። አንዱ እንዲያውም እያዛጋ ወጣ።

"እውነት ለመናገር ያኛው ይሻል ነበር" አለች ማንጠግቦሽ በጆሮዬ።

ይሻል ነበር። ፊልሙ ሞቷል። የምወደው ነገር ሲበላሽ አይቼ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መጨረሻ ላይ ስሞች ሲያልፉ የአባዬም አለ። እማ ማንበብ ስለማትችል በጣቴ አሳየኋት። ቶሎ አለፈ።

ወደ ቤት ስንሄድ እማ ጠየቀችኝ።

"እስክዬ፣ ያ ሁሉ ያየሽው ፊልም ላይ… ሬሳውን ከኋላ የሚሸኙት፣ የሚያለቅሱት። የማን ወገን ናቸው?"

"ተዋንያን ናቸው እማ።"

"ሁሉም?"

ከልጅነቴ ጀምሮ በፊልም ስንት ቀብር አየሁ፣ ስንቱ ላይ አስተያየት ሰጠሁ… አንዴ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

"እንጃ" አልኳት።