የመምህር ህሩይ በለጠ ሕይወት፣ ከነእርማቱ

መምህር ህሩይ በለጠ ከአባታቸው ከአቶ በለጠ ጀምበሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳህሊቱ ደጀን በ1954 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። በፊዚክስ ዲግሪያቸውን ይዘው በ1977 ዓ.ም. ሚኤሶ ተመደቡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ወደ ትውልድ ከተማቸው ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማሩ።

በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ እየሩስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እኛን ልጆቻቸውን፣ ሮዳስንና ሮቤልን፣ አፈሩ። ቤታችን ለስላሳ ከተከፈተ ቆርኪው የእሳቸው ነበር። መቶ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ በትነው፣ በጀርባው የወደቀውን እያነሱ፣ የቀረውን ደግመው እየበተኑ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ ያሳዩ ነበር። የትኛው ቆርኪ በየትኛው ዙር እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ በየዙሩ ግን ግማሽ ያህሉ ይወጣል።

ግትር ነበሩ፤ ይህን ባንጽፍ የሚያውቋቸው ይስቁብናል። ባይንዲንግ ኢነርጂ የአቶም እምብርት በሆነው ኒውክለስ ውስጥ ታምቆ የተቀመጠ ጉልበት ነው እያሉ ለዓመታት አስተማሩ። በ1999 ዓ.ም. ሞሚና ጂብሪል የተባለች ተማሪያቸው እጇን አውጥታ፣ ጉልበቱ ውስጡ ካለ ኒውክለሱ ከፕሮቶንና ከኒውትሮኖቹ ድምር ለምን ይቀልላል ብላ ጠየቀች። ተቆጥተው አስቀመጧት። ከሰባት ዓመት በኋላ ለሥልጠና ሲዘጋጁ የሂሊየምን ሂሳብ ቁጭ ብለው በእጃቸው ሠሩት፤ ልጅቷ ልክ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ያገኙትን የቀድሞ ተማሪ ሁሉ፣ ቦርደዴ መንገድ ላይም ቢሆን፣ አስቁመው ያርሙ ነበር። ሞሚናን ግን ያገኟት በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ መቻራ ቡና ስትነግድ ነው። ይቅርታ ሲጠይቋት፣ «ቲቸር፣ ፊዚክሱንስ ረስቼዋለሁ። ስልሳ ሰው ፊት ማፈሬን ነው ያልረሳሁት» አለቻቸው። ይህን ለባለቤታቸው ሲነግሩ አለቀሱ። የ1999 ዓ.ም. ክፍል ተማሪዎቻቸው ለጥምቀት ወደ ከተማው ሲመለሱ ሰብስበው፣ በፊታቸው ይቅርታ ሊጠይቋት አሰቡ።

የጉበት ሕመማቸው ግን ጸናባቸው፤ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ እኛ ሁለት ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ኑሃሚን ዛሬ ከእናንተ ጋር ቆመን እናለቅሳቸዋለን።

አልጋ ላይ ሳሉ በቀብራቸው እንዲነበብ ያዘዙን ይህ ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን ተያይዘው ኒውክለስ ሲሆኑ ጉልበት ወደ ውጭ ይወጣል፤ መጠነ ቁሳቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባይንዲንግ ኢነርጂ እነሱን መልሶ ለመለያየት የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ሞሚና ጂብሪል ትክክል ነበረች። መምህሯ ራሳቸው ተሳስተው በሰው ፊት አሳፍረዋታል፤ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቋታል።

እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን።