ስትወለድ የቀበርኩት ወይን

ለልጄ ለሻምበል ሉአርሳብ፦ እመቤታችን በባዕድ ሠራዊት መካከል ትጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሻምበል መሆንህን የሚነግረው ደብዳቤህ ከዋርሶ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የምትመጣበት ቀን የለበትም። መቶ አለቃ ስትሆንም እንዲሁ ነበር። ማዕረጉ ይመጣል፣ ልጁ አይመጣም።

ለሠርግህ ብዬ ስትወለድ የቀበርኩት የወይን ጋን ሠላሳ ዓመት ሞላው። ጎረቤታችን ሲሞኒካ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «አያ ኦታር፣ ሙሽራው ጄኔራል እስኪሆን ነው እንዴ? ጥርሳችን ሳያልቅ እንቅመስ እንጂ!» ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ያንገበግበኛል። እናትህ «ገና ትንሽ ነው፣ አትስደደው» እያለችኝ ወደ ጦር ትምህርት ቤት የሰደድኩህ እኔ ነኝ። የመኮንን አባት መባል አምሮኝ ነበር። ስጸልይ ይኸው ነገር ይመጣብኛል።

ባለፈው እሑድ፣ በእናትህ ሙት ዓመት፣ ጋኑን ከፈትኩት። አንድ ማሰሮ ቀዳሁና ካህኑ ባረኩት። አልኮመጠጠም ልጄ፤ ግሩም ነው። መልሼ በጭቃ መረግኩት፤ ግን አንዴ የተከፈተ ወይን ብዙ እንደማይቆይ አንተም ታውቃለህ።

እግዚአብሔር ከጥይት ይሰውርህ፣ የአዛዥህንም ልብ ያራራልህ። ለጊዮርጊስ በዓል ፈቃድ ጠይቅ። ሙሽራ ባትኖርም ና።

አባትህ ኦታር፣ ከአገርህ ከካኬቲ