ወደ አሮጌው ስንመልሰው የፈሰሰ ደም

እታለምዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እማዬን ዓይኗን እንዴት አደረጋት? እኔ በሕይወት አለሁ፣ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። በጥድፊያ ስለምጽፍ ፊደሌን ታገሺው። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የላክሁት፣ ታናሽ ወንድማችን እናንተ ጋ ሳይደርስ ይድረስልኝ ብዬ ነው።

እሱ በሞተር ዕቃ እንደሚያደርስ ታውቂያለሽ፣ ሥራ የሚያገኘውም እኔ ስልክ በማነሳበት ቢሮ አፕ ነው፣ ስልኩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም። አለቃችን አፑን በአዲስ ቨርዥን፣ በአዲስ እትም ማለት ነው፣ ቀይሩ አለ፣ ተቀየረ፣ ከዚያ አሮጌ ስልክ ላይ ተከፈተ ሲሉት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሞተረኞቹ ደግሞ ያላቸው አሮጌ ስልክ ነው፤ ሥራ ጠፋ፣ በስልክ እናቴን ሳይቀር ይሰድቡብኛል። ፕሮግራመራችን፣ ባለመነጽሩ የምንለው፣ “ሰዎቹ ጦማቸውን እያደሩ ነው፣ ወደ አሮጌው ቨርዥን እንመለስ” ብሎ በስንት ጭቅጭቅ አለቃውን እሺ አሰኘው። ግን ስልኩ አዲሱ አፕ እያለበት አሮጌውን አይቀበልም አሉ፣ መጀመሪያ መጥፋት አለበት። “አፑን ከስልካችሁ አጥፉት” ብለሽ ለሁሉም ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ። ለምን እንደሆነ አልተጻፈበትም። እነሱስ ምን ይበሉ? አባረሩን አሉ!

መጡ እታለም። መስኮቱ በድንጋይ ሲረግፍ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፣ መስታወቱ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። አለቃችን “እናንተ ዱርዬዎች!” ብሎ ወጣ፣ በሄልሜት ጥርሱን አራገፉት፣ እየጎተቱ ረገጡት። ባለመነጽሩ ብቻ ከኮምፒውተሩ አልተነሳም፣ “ቆዩ፣ እየላክሁላችሁ ነው” ይላል፣ ማን ሰምቶት። ታናሻችን የሞተሩን ሰንሰለት ይዞ ገባ። “ተው፣ ለአንተ ነው የሚሠራው!” ብዬ እግሩን ብይዘው አፌን በእርግጫ መታኝና ባለመነጽሩን በሰንሰለቱ አናቱን አለው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። እንጨት ሲፈለጥ ዓይነት ድምፅ ነው። ደሙ በኮምፒውተሩ ቁልፎች መሃል ወረደ።

ለካ አሮጌው ተልኮ አልቆ ነበር። ደጅ ከቆሙት አንዱ ስልኩ ላይ ሲደርሰው ጫነው፣ ወዲያው ሥራ ጠራው። ሌላውም ተጠራ፣ ሌላውም። ድንጋያቸውን እየጣሉ ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ፣ ሰው መሬት ላይ እያጣጣረ።

ፖሊስ ሲጠይቅ ሁሉም አላየሁም አለ። ሸሚዙን ደም የነካውን ሽማግሌ ዘበኛችንን ይዘው በጥፊ ሲያጮሉት በቃ አልቻልኩም፣ የመታው ወንድሜ ነው አልኩ። እሱም ሰምቶ ደወለና “የእናቴ ልጅ ነኝ ብለሽ እንዳትመኪ፣ አርድሻለሁ” አለኝ። ልብስ አጣቢዋ ጓደኛዬ ክፍል ተደብቄያለሁ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ ውልቅ ትላለች። ባለመነጽሩ እስካሁን አልነቃም።

ወንድማችን ከእናንተ ሌላ መሄጃ የለውም። አብዪው፣ እግሩን አሳጥቢው፣ ግን አትደብቂው። ባለቤትሽ እጁን ይዞ ለፖሊስ ይስጠው፣ ያጋልጠናል ብለው የሚፈሩት ሞተረኞች ወይም ፖሊስ መንገድ ላይ ሲሸሽ ካገኙት ይገድሉታል። ያለሁበትን አትንገሪው። ለእማዬ ከሰው ሳትሰማ አንቺ ንገሪያት፣ ማን ጠቆመው ካለች ስሜን ጥሪ፣ አልክድም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ጨቅላውን እግሩን ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እሱንም፣ ከደረሰ፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች በይው፤ ብቻ እጁን እያየሽ።

ከልብስ አጣቢዋ ክፍል
ሐሙስ፣ ጥር ዘጠኝ ቀን